ሁለቱን የቆዳ ሕመሞች የለዩት ሐኪም፦ ዋልተር ሊቨር

ሰውነት ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል በወጣ ጊዜ ብዙ ሰው ምች ወይም አልማዝ ባለጭራ ነው ብሎ ይገምታል። ከእነዚህ ሌላ ግን የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ቆዳ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚከሰቱ ሕመሞች አሉ። እነዚህን ለይቶ የማወቂያውን መንገድ ከጠረጉ ሐኪሞች አንዱ ዋልተር ሊቨር ናቸው።

ሊቨር እ.ኤ.አ በ1909 በጀርመን ኤርፈርት ከተማ ተወለዱ። በሀገራቸው ሕክምና ተምረው በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በቦስተን ከተማም በቆዳ ሕክምና ሠሩ፣ አስተማሩ። በ1949 የቆዳ በሽታዎችን በማይክሮስኮፕ ለመለየት የሚያገለግል መጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፉ በየጊዜው እየታደሰ የብዙ ትውልድ ሐኪሞች መማሪያ ሆኗል።

በዚያ ዘመን ውሃ የሚቋጥሩ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመሞች ፔምፊገስ በሚል አንድ ስም ይጠሩ ነበር። ስሙ አንድ ቢሆንም የሕሙማኑ ዕጣ አንድ አልነበረም፤ አንዱ ፈጥኖ ሲሞት ሌላው ለዓመታት ይኖር ነበር። ሊቨር ምክንያቱን ከቆዳ ናሙና ፈለጉ። በ1953 ባሳተሙት ጥናትም ሕመሙ ሁለት መሆኑን አሳዩ።

ልዩነቱን ከጭቃ ቤት ግድግዳ መረዳት ይቻላል። ጭድ ያነሰው ልስን እርስ በርሱ አልያያዝ ብሎ እንደሚፈረፈር ሁሉ፣ በፔምፊገስ የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት መያያዛቸውን ያጣሉ። ውሃ የቋጠረው ቆዳ ስስ ስለሚሆን ቶሎ ይፈነዳል፤ ብዙ ጊዜም አፍ ውስጥ ያቆስላል። በሁለተኛው ሕመም ግን ልስኑ ሳይፈርስ ከእንጨቱ እንደሚላቀቅ፣ የላይኛው ቆዳ እንዳለ ከታችኛው ይነሳል። ስለዚህ የተወጠረና ቶሎ የማይፈነዳ ይሆናል። ሊቨር ይህንን ቡለስ ፔምፊጎይድ አሉት፤ በአብዛኛው የሚይዘው አረጋውያንን ነው።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነበር። ፔምፊገስ ካልታከመ ይገድላል። በዘመኑ የመጣው የስቴሮይድ መድኃኒት ሲያንስ ሕመሙን አይገታም፣ ሲበዛ ደግሞ አጥንትን ያሳሳል፣ ለሌላ በሽታም ያጋልጣል። መጠኑን ለመወሰን አስቀድሞ በሽታውን ማወቅ ግድ ነበር።

በ1960ዎቹ ሌሎች ተመራማሪዎች በሕሙማኑ ደም ውስጥ ቆዳን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን አገኙ። በሁለቱ ሕመሞች የሚያርፉበት ቦታ የተለያየ በመሆኑ የሊቨር ልየታ ተረጋገጠ።

ሊቨር በ1992 አረፉ። ዛሬም ትክክለኛው ምርመራ ከቁስሉ ጠርዝና ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ መሳይ ቆዳ ናሙና መውሰድን ይጠይቃል። በመሆኑም ውሃ የሚቋጥር ቁስል የሚመላለስበት ወይም የአፉ ቁስል አልድን ያለው ሰው፣ በግምት መድኃኒት ከመቀባት ይልቅ ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባዋል።