በወህኒ ቤት የተጠራው አባ ጳኵሚስ

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመጨረሻው ፍርድ ቀን ከሚጠይቀን ምግባራት አንዱ እስረኛን መጐብኘት መሆኑን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አስተምሮናል። የታሰረውን የጠየቀ ሰው ጌታን እንደ ጠየቀ፥ የታሰረውን የዘነጋም ጌታን እንደ ዘነጋ ይቈጠርበታል። ይህን ትምህርት የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ስንቅ ቋጥረን ወደ ወህኒ ቤት የምንሄደው የታሰረው የሥጋ ዘመዳችን ወይም ወዳጃችን ሲሆን ነው። የማናውቀውን ሰው፥ ይልቁንም ሃይማኖቱ ከሃይማኖታችን የተለየውን እስረኛ ለመጠየቅ ግን እግራችን ይከብዳል፤ ልባችንም ምን ይጠቅማል እያለ ያመነታል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሻ ሁሉ የማኅበረ መነኰሳት አባት የሆነውን የታላቁን የአባ ጳኵሚስን ሕይወት ይመልከት። ይህ አባት ወደ ክርስቶስ የቀረበው የሊቃውንትን ጉባኤ ሰምቶ ወይም መጻሕፍትን መርምሮ አይደለም፤ በወህኒ ቤት ሳለ ስማቸው ካልታወቀ ምእመናን እጅ በተቀበለው እንጀራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አባ ጳኵሚስ በ292 ዓ.ም. ገደማ በአፍሪካ ምድር፥ በላይኛው ግብፅ፥ እስና በምትባለው ከተማ አውራጃ ተወለደ። ወላጆቹ ጣዖትን የሚያመልኩ ነበሩ። ገድሉ እንደሚተርከው በሕፃንነቱ ወላጆቹ በዓባይ ወንዝ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታት መሥዋዕት ለማቅረብ ይዘውት በሄዱ ጊዜ አጋንንቱ ከፊቱ የተነሣ ሸሹ፤ ለጣዖት የቀረበውን ወይን ጠጅ በቀመሰ ጊዜም ሆዱ አልቀበል ብሎት አስመለሰው። ይሁን እንጂ ጐልማሳ እስኪሆን ድረስ ክርስቲያን ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቅም ነበር።

ያ ዘመን ለቤተ ክርስቲያን የመከራ ዘመን ነበረ። በ303 ዓ.ም. በዲዮቅልጥያኖስ ትእዛዝ የተነሣው ስደት በግብፅ ላይ እጅግ በረታ። ምእመናን በየወህኒ ቤቱ ተጣሉ፤ ብዙዎችም ማዕድን በሚቈፈርበት ስፍራ ድንጋይ እንዲፈልጡ ተፈረደባቸው። በ311 ዓ.ም. በንጉሡ በመክሲሚኖስ ዘመን፥ ቤተ ክርስቲያናችን ተፍጻሜተ ሰማዕት ብላ የምታከብረው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጴጥሮስ አንገቱን ተሰየፈ። በዚያው የስደት ጊዜ አባ እንጦንስ በዓቱን ትቶ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በወህኒ ቤትና በማዕድን ቍፋሮ ስፍራ ያሉትን ታማኞች ያገለግል እንደ ነበረ ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፎልናል። እንግዲህ የግብፅ ምእመናን የወህኒውን ደጅ መንገድ የለመዱት የራሳቸው አባቶችና ልጆች ታስረውበት ስለ ነበረ ነው።

በ312 ዓ.ም. አካባቢ ጳኵሚስ 20 ዓመት ሲሆነው ለጦርነት ጐልማሶች በግድ ይታፈሱ ጀመር። ገድሉ ንጉሡን ቈስጠንጢኖስ ይለዋል፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን በዚያን ጊዜ ግብፅን ይገዛ የነበረው መክሲሚኖስ ስለ ነበረ ያፈሳቸው እርሱ ነው፥ ጦርነቱም ከሊቅንዮስ ጋር ያደረገው ነው ይላሉ። ጳኵሚስም ከእኩዮቹ ጋር ተይዞ በመርከብ ተጫነና በዓባይ ወንዝ ቍልቍል ተወሰደ። በመሸም ጊዜ ዛሬ ሉክሶር ወደምትባለው ወደ ጥንታዊቱ ቴብስ ደረሱ። ወታደሮቹም ምልምሎቹ እንዳያመልጡ በወህኒ ቤት አስገብተው ዘጉባቸው። በደል ሳይኖርባቸው፥ ወዴት እንደሚወሰዱና በሕይወት ይመለሱ እንደ ሆነም ሳያውቁ፥ እንደ ወንጀለኛ ተዘግቶባቸው አደሩ።

በዚያች ሌሊት የሆነው ነገር ለሚሰማው ሰው ትንሽ ይመስላል። የከተማይቱ ክርስቲያኖች ከሩቅ የመጡ ጐልማሶች በጭንቀት ላይ መሆናቸውን ሰምተው እንጀራና የሚጠጣ ነገር ይዘው ወደ ወህኒ ቤቱ መጡ። እስረኞቹ ከኀዘን ብዛት የተነሣ ለመብል ስላልተጉ፥ ጐብኝዎቹ እየለመኑና ግድ እያሉ አበሏቸው። ጳኵሚስ ይህን አይቶ ተደነቀ፤ ሳያውቋቸው ስለ ምን እንዲህ እንደሚራሩላቸውም ጠየቀ። ክርስቲያኖች መሆናቸውን፥ ይህንም የሚያደርጉት ስለ ሰማይ አምላክ ፍቅር መሆኑን ነገሩት። እርሱም ከባልንጀሮቹ ለብቻው ፈቀቅ ብሎ ሌሊቱን በጸሎት አሳለፈ። እግዚአብሔር ከዚህ መከራ ቢያወጣው በሕይወቱ ዘመን ሁሉ ሰውን እንደሚያገለግልም ተሳለ። በነጋም ጊዜ መርከቡ ተነሥቶ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የእነዚያን ምእመናን ሥራ እናስተውል። የታሰሩት ወጣቶች የእምነት ወንድሞቻቸው አልነበሩም። ለጦርነት የታፈሱትም የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት ከሆነ የቤተ ክርስቲያንን አባቶች ለሰይፍ ለሰጠው ለዚያው ንጉሥ ነው። የሊቀ ጳጳሳቱ ደም ከፈሰሰ ገና ብዙ ጊዜ አላለፈም ነበር። እነዚህ የአሳዳጃችን ጭፍሮች ናቸው፥ እኛን ምን አገባን ብለው ደጃቸውን ቢዘጉ ብዙ ሰው ባልፈረደባቸው ነበር። እነርሱ ግን የልጆቻቸውን እስራት አስበው የሌላውን ልጅ እስራት አወቁ። ደግሞም እንጀራውን የእምነት ዋጋ አላደረጉትም፤ በመጀመሪያ መገቡ፥ ስለ እምነታቸው የተናገሩት ግን የበላው ሰው በጠየቃቸው ጊዜ ነው። ስብከታቸው ለጥያቄ የተሰጠ መልስ ስለ ነበረ በጳኵሚስ ልብ ውስጥ ሥር ሰደደ።

በ313 ዓ.ም. መክሲሚኖስ ድል ሆነ፤ ምልምሎቹም አንጾኪያ ሳይሆን አንቲኖይ በተባለች በግብፅ ባለች ከተማ ሳሉ ተለቀቁ። ጳኵሚስ ስእለቱን አልረሳም። ሌሎች ወደየቤታቸው ሲሮጡ እርሱ ሸነሴት ወደምትባል መንደር ሄደ፤ በዚያም ተምሮ ተጠመቀ። በተጠመቀባት ሌሊት የሰማይ ጠል በራሱ ላይ ሲወርድ፥ በእጁም ውስጥ ሲረጋና ማር ሲሆን፥ ማሩም ወደ ምድር ፈስሶ ምድርን ሲሸፍን በሕልሙ አየ። በመንደሩም አትክልትና ተምር እየተከለ ለራሱና ለድሆች፥ ለመንገደኞችም ምግብ ያደርገው ነበር። ቸነፈር በገባ ጊዜ ሕሙማኑን አገለገለ፥ ከዱርም እንጨት እየለቀመ ተሸከመላቸው። እስረኛ ሳለ የተቀበለውን ርኅራኄ ነጻ በወጣ ጊዜ ለታመሙት ከፈለ።

ከ3 ዓመት በኋላ የምንኵስናን ሥርዓት ለመማር በበረሃ ወደሚኖረው ወደ አባ ጰላሞን ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ኑሮው ከባድ መሆኑን ነግሮ በመጀመሪያ ሊመልሰው ወደደ፤ ጽናቱን ባየ ጊዜ ግን ተቀበለው። በዚያም 7 ዓመት ያህል በጾም፥ በትጋህ ሌሊትና በእጅ ሥራ ኖረ። በ323 ዓ.ም. ገደማ ጠበንሲ በተባለች ሰው በለቀቃት መንደር ሲጸልይ፥ በዚያ ተቀምጦ ገዳም ይሠራ ዘንድ የሚያዝዝ ድምፅ ሰማ። ወንድሙ ዮሐንስም መጥቶ ከእርሱ ጋር መነኰሰ። ዮሐንስ ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ጠባብ በዓት ስለ ወደደ፥ ጳኵሚስ ቅጥሩን በማስፋቱ ገሠጸው። ጳኵሚስም በልቡ ተቈጣ፤ ስለዚህች ቍጣም ሌሊቱን ሁሉ እያለቀሰ ንስሐ ሲገባ አደረ። ታላላቆቹ ቅዱሳን ራሳቸውን የሚመረምሩት እንዲህ ነበረ።

ስእለቱ ግን ገና ሊፈተን ነበር። በመጀመሪያ ወደ እርሱ የተሰበሰቡትን ሰዎች በአገልጋይ አምሳል ተቀበላቸው፤ ምግባቸውን ያዘጋጅ፥ የታመሙትንም ያስታምም ነበር። እነርሱ ግን ትሕትናውን እንደ ሞኝነት ቈጥረው ናቁት፥ ዘበቱበትም። ዓመታት ያህል ታገሣቸው፤ ተግሣጹን አልቀበል ባሉ ጊዜ ግን አሰናበታቸው። ከዚህም ፍቅር ያለ ሥርዓት ማኅበርን እንደማያቆም ተረዳ። ገዳማዊ ሥርዓቱን ያጸናው እንዲህ ባለ ፈተና ውስጥ አልፎ ነው።

በመጻሕፍት እንደ ተነገረው የእግዚአብሔር መልአክ ሥርዓቱን በሰሌዳ ተጽፎ ሰጠው። ሥርዓቱም ለእያንዳንዱ እንደ ኀይሉ መብልና መጠጥ እንዲሰጠው፥ ሥራውም እንደ ጕልበቱ እንዲሆን፥ መጾም የሚወደውም መብላት የሚያስፈልገውም እንዳይከለከሉ ያዝዛል። መነኰሳቱ በየቤቱ ተከፍለው፥ ለየቤቱም አለቃ ተሹሞላቸው፥ በአንድነት ይጸልዩ፥ በአንድነት ይበሉ፥ በእጃቸውም ይሠሩ ነበር። አዲስ የመጣ ሰው በደጅ ተቀምጦ ጸሎትና መዝሙር ይማራል፤ ፊደል የማያውቅ ቢሆን በቀን 3 ጊዜ ወደ መምህር ሄዶ ማንበብን እንዲማር ግድ ነበር። ለታመሙት የተለየ ቤትና አገልጋይ ተደርጎላቸው ነበር። የተገለጠ ትእዛዝና የታወቀ ምግባር ያለው የአንድነት ኑሮ በዚህ ሰው እጅ ተደላደለ፤ መሠረቱ ግን ሰውን ለማገልገል በወህኒ ቤት የተሳለው ስእለት ነበረ።

ማኅበሩ እየሰፋ ሄደ። ሁለተኛው ታላቅ ገዳም ፕቦው በተባለ ስፍራ ተሠራ። እኅቱ ማርያም ወደ እርሱ በመጣች ጊዜ ለሴቶች ገዳም እንዲሠራ አደረገ፤ እርስዋም የደናግል እናት ሆነች። ቅዱስ አትናቴዎስ በጵጵስናው መጀመሪያ ወደ ላይኛው ግብፅ በወጣ ጊዜ ጳኵሚስን ቅስና ሊሾመው ቢያስብ፥ እርሱ በመነኰሳቱ መካከል ተሸሸገ። ሹመት በወንድሞች መካከል ቅናትን ያመጣል ብሎ ይፈራ ነበርና። ባረፈም ጊዜ 9 የወንዶችና 2 የሴቶች ገዳማት በሥርዓቱ ይተዳደሩ ነበር።

በ346 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ቸነፈር በገዳማቱ ገባ፤ ከወንድሞችም ብዙዎች ሞቱ። አባ ጳኵሚስም ታመመ። የለበሰው ከብዶት ቀለል ያለ ልብስ በጠየቀ ጊዜ ደቀ መዝሙሩ ቴዎድሮስ ከመጋቢው መልካም ልብስ አምጥቶ ቢያለብሰው፥ ከሌሎቹ ወንድሞች ልብስ የተሻለ መሆኑን አይቶ አልቀበልም አለ፤ ያረጀ በመጣለትም ጊዜ ተቀበለ። በግንቦት 14 ቀን አረፈ፤ መቃብሩም እንዳይታወቅ ቴዎድሮስን አዘዘው። ከታሰሩት ጋር እንደ አንዱ ሆኖ የጀመረው አባት፥ ከታመሙት ጋር እንደ አንዱ ሆኖ ፈጸመ።

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ግንቦት 14 ቀን መታሰቢያውን ታደርጋለች። ሥርዓተ ጳኵሚስ ከጥንት የግእዝ ትርጕሞች አንዱ ነው፤ የአቡነ አረጋዊም ታሪክ ከአባ ጳኵሚስ ማኅበር ጋር ያያይዛቸዋል። እንግዲህ በአንድነት ጸልዮ በአንድነት የሚበላ የሀገራችን ገዳም ሁሉ ከዚያ ከወህኒ ቤት ማዕድ የደረሰው ፍርፋሪ አለ ብንል አልተሳሳትንም።

ወንድሞቼ ካህናትና ምእመናን ሆይ፤ የቴብስ ክርስቲያኖች የሥራቸውን ፍሬ አላዩም። በነጋ ጊዜ መርከቡ ሄደ፤ እነርሱም ባዶውን ዕቃቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ካበሏቸው መካከል አንዱ የአእላፍ መነኰሳት አባት እንደሚሆን የነገራቸው አልነበረም። ስማቸውም በምድር አልተጻፈም። እኛም በየከተማችን ካሉት ወህኒ ቤቶች ደጅ ስንቆም፥ ወንጀሉ ምንድር ነው፥ ሃይማኖቱስ ምን ይላል፥ ፍሬ ያፈራልን ይሆን ብለን አስቀድመን አንመርምር። ወንጀሉን ዳኛ ይመረምረዋል፤ ፍሬውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። የእኛ ድርሻ ጠያቂ የሌለውን እስረኛ ፈልጎ መጐብኘት፥ ስንቅ ማቀበል፥ እስረኛውም ስለ ምን እንደ መጣን ቢጠይቀን ስለ ማን ብለን እንደ መጣን በትሕትና መናገር ነው።

የአባታችን የአባ ጳኵሚስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይኑር፤ ለዘለዓለሙ አሜን።