የኢልያ ሜችኒኮፍ ሕይወትና የሟች ሕዋሳት ነገር

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐርቡ አካባቢ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ እግሩን የወጋው እሾህ ሳይነቀል ካደረ ስፍራው እንደሚቀላ፣ እንደሚያብጥና መግል እንደሚቋጥር ያውቃል። ከዚህ ተራ ነገር ታላቅ ምርምር ያስገኙት ኢልያ ሜችኒኮፍ ናቸው።

ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1845 በዩክሬን በካርኮቭ አካባቢ ተወለዱ። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጸሙ። ትምህርት ቢቀናቸውም ኑሮ አልቀናቸውም፤ የመጀመሪያ ባለቤታቸው በ1873 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞከሩ። በ1881ም፣ ሁለተኛ ባለቤታቸው በጽኑ ከታመሙ በኋላ፣ ዳግመኛ ተስፋ ቆርጠው የግርሻ በሽተኛ ደም ወደ ገላቸው አስገቡ፤ በብርቱ ታመውም ዳኑ።

በ1882 የኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ለቀው ጣልያን አገር ወደምትገኘው መሲና ሄዱ። በዚያም ገላው እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፈውን የባሕር ኮከብ እጭ በጽጌረዳ እሾህ ወጉት። በማግሥቱ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበው አገኙ። እነዚህም ፋጎሳይት፣ ማለትም በላዔ ሕዋሳት ተባሉ። ቀጥሎም የእንቁራሪት እጭ ጅራት ሲከስም በላዔ ሕዋሳት የሟቹን ጡንቻ ስባሪ ሲውጡ ተመለከቱ። ስለዚህ የሕዋሳቱ ተግባር ጠላትን መመከት ብቻ ሳይሆን የገዛ ሰውነትን ሙት ማንሣትም ጭምር ነበር።

በጀርመን የነበሩ ሊቃውንት ግን ገላን የሚጠብቀው የደም ፈሳሽ እንጂ ሕዋስ አይደለም በማለት ለረጅም ዓመታት ተቃወሟቸው። ሜችኒኮፍ ከ1888 ጀምሮ በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ክርክሩን በሙከራ ገፉበት። በ1908 የኖቤል ሽልማት ለእርሳቸውና የፈሳሹን ወገን ይዘው ለነበሩት ለፓውል ኤርሊኽ በጋራ ተሰጠ፤ ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ይዘው ነበርና።

የእርሳቸው ተመራማሪ ልጆች ነገሩን አስፍተውታል። ሕዋስ በሥርዓት የሚሞት መሆኑ በ1972 አፖፕቶሲስ የሚል ስም አገኘ። ሟች ሕዋስ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የነበረውን አንድ ዓይነት ቅባት ወደ ውጭ ይገለብጣል፤ ይህም አንሡኝ የማለት ምልክት ነው። አንጀትንና ቆዳን በሚሸፍነው ኤፒቴልየም ዘንድ ጎረቤት ሕዋሳት ራሳቸው ምልክቱን አውቀው ሟቹን ይውጡታል፤ አለዚያም ዙሪያውን እንደ ቀለበት ተኮማትረው፣ ክፍተት ሳይተዉ ገፍተው ያስወጡታል። ሟቹ ሳይነሣ ቢቀር ፈንድቶ በውስጡ የያዘው ሁሉ ይፈስና ቁስለትን ያስነሣል።

ሜችኒኮፍ በ1916 በፓሪስ ዐረፉ፤ አመዳቸውም በፓስተር ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ሞትን የፈለጉት ሰው፣ በገላ ውስጥ ያለ ሞት ሕይወትን እንደሚጠብቅ የሚያሳየውን መንገድ ከፍተው አለፉ።