የእቴጌ ጣይቱ ጠጅ፦ ስሙ የጓዳው፣ ማሩ የገበሬው

ከካዛንቺስ ከፍ ብሎ በሚታየው የታላቁ ቤተ መንግሥት ኮረብታ፣ ግብር በሚበላበት ዕለት በሺህ የሚቆጠር ሰው በአዳራሹ ይታደም ነበር። ግብሩ በአጼ ምኒልክ ስም ቢጠራም የጓዳው አዛዥ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ነበሩ።

በ1840ዎቹ ከሰሜን መሳፍንት ወገን የተወለዱት ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ። በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አካባቢ ቤት አሠርተው ለአዲሲቱ ከተማ ስሟን አወጡላት። በዓድዋ ዘመቻ የመቀሌን ምሽግ ውሃ በማስያዝ የሠሩት ሥራ ዛሬም ሲነገር ይኖራል፤ ከጓዳቸው የወጣው ዝና ግን ያን ያህል አይወሳም።

ጠጅ ጣዮቻቸው ማሩን በውሃ በጥብጠው፣ ጌሾ ጨምረው፣ በታጠነ ጋን እስኪብላላ ይጠብቁት ነበር። የጠራውና የበሰለው ጠጅ ለመኳንንቱ በብርሌ ሲቀርብ፣ ለሠራዊቱ የሚታደለው በዋንጫ ነበር። ማሩ ከየግዛቱ በጉንዶ ተጭኖ የሚገባ የገበሬ ግብር ነው። በፈረንሳይ አገር በ1847 ዓ.ም. የቦርዶ ወይኖች ደረጃ ሲወጣላቸው፣ እነ ላፊትና ማርጎ የተጠሩት ወይኑ በበቀለበት ርስት ስም ነበር። በጣይቱ አዳራሽ የተመሰገነው ግን ጓዳው ነው፤ ማሩ የየትኛው ቀፎ፣ የየትኛው አበባ እንደሆነ ብርሌ ያነሣ እንግዳ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። ንብ ያነባ ገበሬ ስሙ በዚያ አዳራሽ አልተነሣም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌይቱ ያሰናዱት ድግስ ለቀናት የዘለቀ፣ በዘመኑ ወደር ያልተገኘለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ በገባው የከብት በሽታ የእርሻ በሬ አለቀ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብም ተከተለ። ያን ሁሉ ፍሪዳና ማር ያቀረበው አራሽ ሞፈሩን የሚስብለት በሬ አጣ። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ።

እቴጌይቱ በኋላ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በፒያሳ ከፍተው፣ በአዳራሽ የለመዱትን መስተንግዶ ለሚከፍል እንግዳ አቀረቡ። በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላም ወደ እንጦጦ ወጡ። በዚያው በየካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ። አጽማቸው ኋላ ወርዶ፣ ከአሮጌው አዳራሽ ብዙ በማይርቀው በበዓታ ለማርያም ከአጼ ምኒልክ አጠገብ ተቀመጠ።