የኦስካር ክብርና የዘር አጥር፦ የሃቲ ማክዳንኤል ሕይወት

ሃቲ ማክዳንኤል የኦስካር ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ታሪኳ በአንድ ወገን እንደ ፈር ቀዳጅ፣ በሌላ ወገን የታማኝ አገልጋይን ምስል እንዳጸናች ተዋናይ ይነገራል። ይህ ጽሑፍ ግን በሕይወቷ የዘር መድልዎ የገጠማትን አራት ሥፍራዎች፣ ማለትም ሲኒማ ቤትን፣ ሆቴልን፣ መኖሪያ ሰፈርንና መካነ መቃብርን በመከተል የሽልማቱን አቅምና ወሰን ይመረምራል። ዘመናቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ማክዳንኤል በ1893 በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ ተወለደች። ወላጆቿ በባርነት ያለፉ ነበሩ፤ አባቷም በእርስ በርሱ ጦርነት ከሰሜኑ ወገን ተሰልፈው ተዋግተዋል። በኮሎራዶ አድጋ በዘፋኝነት ከሠራች በኋላ በ1931 ወደ ሎስ አንጀለስ አቀናች። በዚያም የፊልም ሥራ በማይገኝበት ጊዜ በቤት ሠራተኛነት ትተዳደር ነበር፤ በፊልም የሚሰጣትም በአብዛኛው ያው የአገልጋይ ሚና ነው።

ለሽልማት ያበቃት ፊልም የአማርኛ አንባቢ በነቢይ መኮንን ትርጉም «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ በሚያውቀው የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ ላይ የተመሠረተ ነው። ፊልሙ በዲሴምበር 1939 በአትላንታ ሲመረቅ፣ በጆርጂያ ግዛት ጥቁርና ነጭን በሚለያየው ሕግ የተነሣ ጥቁር ተዋንያኑ በሥነ ሥርዓቱ አልተገኙም። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 ሽልማቱ በተሰጠበት አምባሳደር ሆቴልም ጥቁር እንግዳ አይስተናገድም ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ በልዩ ፈቃድ ቢያስገባትም፣ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተለይታ በግድግዳ ጥግ በተዘጋጀ አነስተኛ ጠረጴዛ ተቀመጠች። የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማቷን የተቀበለችው ከዚያ ተነሥታ ነው።

ከዚያ በኋላም ሚናዎቿ አልተለወጡም፤ የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ዋልተር ዋይትም ይህን መሰሉን ሚና አጥብቀው ተቹ። ትችቱ የማያካትተው አንድ ክንውን ግን አለ። በሎስ አንጀለስ ዌስት አዳምስ ሰፈር ቤት በገዛች ጊዜ፣ ነጭ ጎረቤቶች በአካባቢው ጥቁር እንዳይኖር የሚከለክል የባለይዞታዎች ውል ጠቅሰው እርሷንና ሌሎች ጥቁር ነዋሪዎችን ከሰሱ። ነዋሪዎቹም በጠበቃ ሎረን ሚለር አማካይነት በጋራ ተከራከሩ። በዲሴምበር 1945 ዳኛው 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት አድርገው ክሱን ውድቅ አደረጉት። በ1948ም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሚለር ጭምር በተሳተፉበት ክርክር፣ መሰል ውሎች በፍርድ ቤት ኃይል እንዳይፈጸሙ ወሰነ።

ማክዳንኤል በኦክቶበር 1952 በካንሰር ዐረፈች። ልትቀበርበት የተመኘችው የሆሊውድ መካነ መቃብር ጥቁሮችን ስለማይቀበል በሮዝዴል ተቀበረች፤ በሆሊውዱ የመታሰቢያ ሐውልት የቆመላት በ1999 ነው።

ከእነዚህ ሥፍራዎች ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። የሆቴሉ በር የተከፈተው በውለታ፣ ለእርሷ ብቻና ለአንድ ምሽት ነው፤ ደንቡ ግን ባለበት ጸና። የሰፈሩ በር የተከፈተው በፍርድ ሲሆን፣ ጎረቤቶቿንም አብሮ አስገብቷል። ስለዚህ የቀደምት ጥቁር ተሸላሚዎችን ሕይወት የሚያጠና ተመራማሪ፣ ማን ተሸለመ ከሚለው ባሻገር የትኛው ደንብ በማን ትግል ተሻረ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።