ጆን ዌስሊና ተመላሹ ሽልንግ

የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1703 በእንግሊዝ አገር፣ በኤፕዎርዝ ከተማ ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በዕዳ ምክንያት እስከ መታሰር ደርሶ ስለ ነበር፣ የዕዳ ጭንቀት ለቤቱ እንግዳ አልነበረም። በኦክስፎርድ ተምሮ ቅስና ከተቀበለ በኋላ፣ በ1739 በሎንዶን ቀድሞ መድፍ ይሠራበት የነበረ ፈራሽ ሕንፃ ይዞ የጸሎትና የበጎ አድራጎት ቤት አደረገው።

በዚያን ዘመን ሥራ ያጣ ድሃ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ልብሱን አስይዞ በወለድ ከመበደር በቀር እምብዛም መውጫ አልነበረውም። ዌስሊ በ1741 ሥራ ለፈቱ ሴቶች የሹራብ ሥራ ሰጥቶ የተለመደውን ዋጋ እንዲከፈላቸው፣ ችግር ለጸናባቸውም እንዲጨመርላቸው አቀደ። በ1746 ደግሞ ከባለጸጎች ገንዘብ ለምኖ ያለ ወለድ የሚያበድር ሣጥን አቋቋመ። ከ20 ሽልንግ የማይበልጥ ብድር ይሰጥ ነበር፤ መመለሻውም በ3 ወር ውስጥ ነበር።

ጠቅላላ ገንዘቡ 50 ፓውንድ ሳይሞላ፣ በ18 ወራት ከ250 በላይ ሰዎች ተረዱበት። ይህም የሆነው አንዱ የመለሰው ሽልንግ ለሚቀጥለው መቋቋሚያ ስለ ሆነ ነው። ኋላ የብድሩ ጣሪያ 5 ፓውንድ ደረሰ፤ ጫማ ሰፊው ጄምስ ላኪንግተን በዚሁ ገንዘብ ንግዱን አስፋፍቶ ከሎንዶን ታላላቅ መጻሕፍት ሻጮች አንዱ ለመሆን በቃ።

ዌስሊ በ1791 በ87 ዓመቱ ሲያርፍ የተወው ሀብት ጥቂት ነበር። ለገንዘብ ባለሙያ ግን፣ ድሃ በአደራ የተሰጠውን እንደሚመልስ በሒሳብ መዝገብ የተረጋገጠ ምስክርነት ትቶለታል።