የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ደብተር

መቀሌ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ማታ ስልኩን ከፍቶ ያለፉ ዓመታት የፊዚክስ ጥያቄዎችን ይሠራል እንበል። ሜካኒክሱን እንደምንም ተወጣው። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ቢቆም አይገርምም። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ፣ ከዚያም በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ትምህርት ለዓመታት ተቋርጦ ነበር። በ2012 ብሔራዊ ፈተና ሊወስዱ የነበሩ ብዙ ተማሪዎች የተፈተኑት 2016 ከገባ በኋላ ነው። ታናናሾቻቸውም ያልተማሩትን ምዕራፍ ይዘው ነው ክፍል የጨመሩት።

ታዲያ ዛሬ የዚያን አስቸጋሪ ምዕራፍ ባለቤት ላስተዋውቃችሁ። ማይክል ፋራዳይ ይባላል። እሱም ቢሆን ትምህርት ቤት የቆየው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ እስኪያውቅ ብቻ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፋራዳይ በ1791 ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ሕመም ስለሚያጠቃቸው እንደልብ አይሠሩም። በ1801 የእህል ዋጋ ሲሰቀል የትንሹ ማይክል ድርሻ በሳምንት አንድ ዳቦ ሆነ። በ13 ዓመቱ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ገባ፤ በ14 ዓመቱ እዚያው የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ለመማር ለ7 ዓመት ተቀጠረ።

ሌላው ልጅ መጽሐፉን ጠርዞ ያስረክባል። ፋራዳይ ግን ጠርዞ ያነባል። ከአንድ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ሲያነብ በቃ ልቡ እዚያው ቀረ። በሚያገኛት ሳንቲም ዕቃ እየገዛ ያነበበውን ራሱ ሞክሮ ያያል። ማታ ማታ የሳይንስ ትምህርት የሚሰጥበት ቤት ነበር፤ መግቢያው አንድ ሽልንግ ነው። የሚከፍልለት እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ነበር።

በ1812 ከሱቁ ደንበኞች አንዱ የታዋቂውን ኬሚስት የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት የሚያስገባ ቲኬት ሰጠው። ፋራዳይ አራቱንም ቀን የሰማውን ጻፈ፤ ቤቱ ገብቶ ሥዕል እየጨመረ አስተካክሎ ገለበጠው። ወደ 300 ገጽ ሆነ። በሚያውቀው ሙያ አሳምሮ ጠረዘውና ሥራ እንዲሰጠው ለዴቪ ላከለት። መጀመሪያ ክፍት ቦታ አልነበረም። በ1813 ግን የቤተ ሙከራው ረዳት በጠብ ምክንያት ተባረረና ፋራዳይ ተጠራ። ያ ደብተር የሥራ ማስረጃው ሆነ ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ማግኔት እንደሚፈጥር በ1820 ታውቆ ነበር። ፋራዳይ ደግሞ ማግኔትስ ኤሌክትሪክ አይፈጥርም ወይ? ብሎ ተነሳ። ለዓመታት ሞከረ፤ እምቢ አለው። ነሐሴ 1831 አንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ ሲያገናኘው ከሌላው ጋር የተያያዘችው መርፌ ብልጭ ብላ ተንቀሳቀሰች፤ ወዲያው ቆመች። ሲያላቅቀው ደግሞ በተቃራኒው ተንቀሳቀሰች። ምስጢሩ እዚህ ጋ ነው፦ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው የማግኔቱ መኖር ሳይሆን መለወጡ ነው።

ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ማግኔቱ ጥቅሉ ውስጥ ዝም ብሎ ከተቀመጠ መልሱ ዜሮ ነው፤ ማግኔቱ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ይሁን። 50 ዙር ባለው ጥቅል ውስጥ ፍለክሱ በ0.2 ሰከንድ ከ0.06 ወደ 0.02 ዌበር ቢወርድስ? ለውጡ 0.04 ነው፤ በ0.2 አካፍሉት፣ በ50 አባዙት፤ 10 ቮልት። ታሪኩን ያወቀ ሰው ፎርሙላውን ቢረሳ እንኳ መልሶ ይሠራዋል።

ይሄ ግኝት ከመቀሌ ሩቅ አይደለም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ አሸጎዳ ላይ የቆሙት 84 የነፋስ ተርባይኖች፣ የተከዜ ግድብ ጄኔሬተሮችም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ስልካችሁን ያለ ገመድ የሚሞላው ቻርጀርም እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ፋራዳይ ሒሳብ ላይ ደካማ ነበር። ሐሳቡን ያስረዳው በሥዕልና በመስመር ነው፤ ወደ ቀመር የለወጠለት ከእሱ 40 ዓመት የሚያንሰው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ነው። የእኛ ፈተና ግን ሁለቱንም ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥዕሉን ሣሉ፣ ምን እንደሚለወጥ ለዩ፣ ከዚያ ቀመሩን አስገቡ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት።

ፋራዳይ ታዋቂ ከሆነ በኋላም የሰርነት ማዕረግ ሲሰጠው አልፈልግም አለ፤ የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነትም አልተቀበለም። በገና ሰሞን ለወጣቶች ማስተማርን ግን ይወድ ነበር፤ እስከ 1860 ድረስ 19 ጊዜ አስተምሯል። በ1867 አረፈ።

እዚህ ለመድረስ ጉብዝናው ብቻ አልበቃውም። ወንድሙ ሽልንግ ባይከፍልለት፣ ደንበኛው ቲኬት ባይሰጠው ያ ደብተር አይጻፍም ነበር። እና አምና የተፈተናችሁ ልጆች፣ የፊዚክስ ደብተራችሁ መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ ከሆነ ለሠፈራችሁ ተፈታኝ ስጡት። ተፈታኞችም ለመጠየቅ አትፈሩ።

መልካም ፈተና!