አንቶኒ ጋውዲ፦ ሕንፃን በክር ያሰላው አርክቴክት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ምህንድስና ስዕል ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሜካኒካል ምህንድስና ነው የሚያጠናው። ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሥል አጠገቡ ቁጭ ብዬ አያለሁ። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይሥልና ወርዱን 120 ብሎ ይጽፋል። ቁመቱ ላይ ግን ቁጥር አያስገባም፤ የወርዱ ግማሽ የሚል ቀመር ነው የሚጽፍለት። የቀዳዳውን ስፋት ደግሞ የቁመቱ አንድ አምስተኛ ያደርገዋል። ከዚያ 120ውን አጥፍቶ 200 ሲል ቁመቱ በራሱ 100፣ ቀዳዳው በራሱ 20 ይሆናል። ስዕሉን በእጁ አልነካውም እኮ! ይህን አሠራር ፓራሜትሪክ ይሉታል። ባጭሩ ልኬቶችን በቀመር ማያያዝ ማለት ነው፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይከተላል።

ወንድሜ ይህ ነገር የኮምፒውተር ልጅ ነው ባይ ነው። እውነት ነው፣ አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ በ1963 ለዶክትሬቱ የሠራው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም መስመሮችን በደንብ አስሮ መያዝ ይችል ነበር። ይሁን እንጂ ከእሱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ፣ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ስክሪን፣ በክርና በትንንሽ ከረጢት ይህንኑ ያደረገ ሰው ነበር። የዛሬ ጽሑፌ ስለ እሱ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዓመተ ምህረት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አንቶኒ ጋውዲ የተወለደው ሰኔ 25 ቀን 1852 በስፔን፣ ካታሎኒያ ውስጥ ሬኡስ በምትባል ከተማ አካባቢ ነው። አባቱ ፍራንሴስክ መዳብ ቀጥቃጭ ነበር። ጠፍጣፋ መዳብ በመዶሻ እየተመታ ሆድ ያለው ጋን ሲሆን እያየ ያደገ ልጅ በኋላ ሕንፃን በወረቀት ላይ ከማሰብ ይልቅ በቅርጽ ማሰብ ቢቀናው አይገርምም። ራሱም ይህን ችሎታውን ከአባቶቹ ሙያ እንዳገኘው ይናገር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የቁርጥማት በሽታ ስለነበረበት እንደ እኩዮቹ አይሮጥም፤ ቁጭ ብሎ ዛፍና ቀንድ አውጣ ሲመለከት ይውላል።

በ1868 ገደማ ወደ ባርሴሎና ሄደ። ኑሮው የተደላደለ ስላልነበረ ለሌሎች አርክቴክቶች በረቂቅ ሠራተኛነት ተቀጥሮ እየሠራ ተማረና በ1878 ተመረቀ። ኤልየስ ሮጀንት የተባለው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዲፕሎማውን ለእብድ ይስጠው ለሊቅ እንዳላወቀ ተናግሯል እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። በዚያው ዓመት ኤውሴቢ ጉዌል የተባለ ባለጸጋ በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ጋውዲ የነደፈውን የጓንት ማሳያ ሳጥን አይቶ ወደደው። ጓንት ማሳያ! ከዚያች ሳጥን የጀመረ ወዳጅነት መናፈሻ፣ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤትና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውን የኮሎኒያ ጉዌልን ቤተ ክርስቲያን ሥራ አመጣለት።

ይህ ቤተ ክርስቲያን የታዘዘው በ1898 ለጉዌል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበር። ጋውዲ መጀመሪያ የሠራው ስዕል አልነበረም። ከጣሪያ ላይ ክሮችን በሁለቱም ጫፋቸው አንጠለጠለ።

ለምን ክር? እስቲ የአንገት ሐብል በሁለት እጃችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ልቀቁት። ወደ ታች የተቆለመመ ቅርጽ ይይዛል። በዚያ ቅርጽ ውስጥ እያንዳንዱ ቀለበት የሚጎተት ብቻ ነው፤ የሚጫነው ነገር የለም። ያንኑ ቅርጽ ሳይለወጥ ገልብጣችሁ በድንጋይ ብትሠሩት ደግሞ እያንዳንዱ ድንጋይ የሚጫን እንጂ የሚጎተት አይሆንም። ድንጋይ ደግሞ ጭነትን ይችላል፣ መጎተትን ግን አይችልም። ስለዚህ ቅስቱ ይቆማል። ይህን እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1670ዎቹ ደርሶበት ነበር። ጋውዲ የጨመረው ነገር ቢኖር አንድን ሐብል ወደ ሙሉ ሕንፃ መለወጡ ነው።

ሞዴሉ ከእውነተኛው ሕንፃ 10 እጅ ያነሰ ሆኖ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ክር ከክር ይታሰርና በየቦታው የእርሳስ ብረት ፍሬ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ይንጠለጠልበታል። የከረጢቱ ክብደት እዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈው የግንብ ክብደት 10,000ኛ ነው። አሁን አንዱን ክር ቢያሳጥሩት ምን ይሆናል? መላው መረብ ተንቀሳቅሶ አዲስ ቅርጽ ይይዛል፤ ዓምዶቹ ማዘንበል ያለባቸውን ያህል በራሳቸው ያዘነብላሉ። የክሩ ርዝመትና የከረጢቱ ክብደት ወንድሜ የሚጽፋቸው ቁጥሮች ናቸው ማለት ነው። ቀመሩን የሚያሰላው ኮምፒውተር ሳይሆን የመሬት ስበት ነው፤ ያውም በነጻ።

ችግሩ ግን ወዲህ ነው። ቅርጹ ሲለወጥ የግንቡ መጠን ይለወጣል፤ መጠኑ ሲለወጥ ክብደቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከረጢቶቹ እንደገና መመዘን አለባቸው። ከረጢቱ ሲቀየር ደግሞ ቅርጹ መልሶ ይንቀሳቀሳል። ዛሬ በደቂቃ የሚያልቀው ይህ ምልልስ እሱንና ረዳቶቹን አሥር ዓመት ያህል ወሰደባቸው። በመጨረሻ ሞዴሉን ፎቶ አንስተው፣ ፎቶውን ገልብጠው፣ በላዩ ላይ ግድግዳውንና መስኮቱን ቀቡበት። ግንባታው በ1908 ተጀመረ። በ1914 ግን የጉዌል ቤተሰብ ገንዘቡን አቋረጠና ከታችኛው ምድር ቤት በቀር ሳይሠራ ቀረ። ያ ሁሉ ክር!

ልፋቱ ግን ከንቱ አልሆነም፤ ወደ ሳግራዳ ፋሚሊያ ዞረ። የዚህ ባርሴሎና ያለው ቤተ ክርስቲያን የመሠረት ድንጋይ የተጣለው በሌላ አርክቴክት ዘመን መጋቢት 19 ቀን 1882 ነበር። እሱ ሲለቅ ጋውዲ በ1883 በ31 ዓመቱ ተረከበው። ከ1914 በኋላ ሌላ ሥራ ሁሉ ትቶ እዚያው ብቻ ሠራ። ገንዘብ ሲያልቅ እየዞረ ምጽዋት ይለምንለት ነበር።

በዚህ ሕንፃ ውስጥ ልኬቶቹ ሁሉ ከአንድ ቁጥር ይወለዳሉ፤ ከ7.5 ሜትር። የጎን መተላለፊያው 7.5፣ የመሃሉ አዳራሽ 15፣ ጠቅላላ ወርዱ 45፣ ርዝመቱ 90 ሜትር ነው። ወደ ላይም ቢሄዱ ያው ነው፤ የጎን ጣሪያው 30፣ የመሃሉ 45፣ የመስቀለኛው 60፣ የመቅደሱ 75 ሜትር። ሁሉንም ለ7.5 አካፍሉትና እዩ። ጣሪያውንና መስኮቱን ደግሞ ቀጥ ባሉ መስመሮች ብቻ ከሚወለዱ ጠማማ ቅርጾች ሠራው። የሸንበቆ እቅፍ መሃሉን አስራችሁ ብትጠመዝዙት ወገቡ ቀጠን፣ ጫፍና ጫፉ ሰፋ ይላል፤ እያንዳንዱ ሸንበቆ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ሃይፐርቦሎይድ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። እንዲህ ያለ ቅርጽ በጥቂት ቁጥሮች ይገለጻል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ሰኔ 7 ቀን 1926 ጋውዲ ወደ ጸሎት ሲሄድ ትራም ገጨው። ልብሱ ያረጀ ስለነበር የኔ ቢጤ መሰላቸውና ቶሎ የሚረዳው አላገኘም። ከሦስት ቀን በኋላ በድሆች ሆስፒታል አረፈ። የተቀበረው በዚያው በሳግራዳ ፋሚሊያ ምድር ቤት ነው።

የባሰው የመጣው ከሞቱ አሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ሰዎች የሥራ ክፍሉን ሰብረው ስዕሎቹን አቃጠሉ፤ የጀሶ ሞዴሎቹንም ሰባበሩ። የቀረው ስብርባሪ ጀሶ፣ ጥቂት የታተሙ ፎቶዎችና የተማሪዎቹ ትዝታ ነበር። ታዲያ ሥራው ይቀጥል ወይስ ይቁም? በ1965 ለ ኮርቡዚዬን ጨምሮ ብዙ ታዋቂ ሰዎች ግንባታው እንዲቆም የሚጠይቅ ደብዳቤ በጋዜጣ አወጡ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። የሌላ ሰው ግጥም ግማሹ ቢቃጠል እኛ ጨርሰን በስሙ እናትመዋለን?

እኔ ግን ሕንፃው ከግጥም ይለያል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ያቺ ጥቂት ቁጥር ነች። በ1979 ማርክ በሪ የተባለ ከኒው ዚላንድ የመጣ ወጣት እዚያ መሥራት ጀመረ። ስብርባሪው ጀሶ ይለካል፤ የትኛው ሃይፐርቦሎይድ በየትኞቹ ቁጥሮች እዚህ ስብርባሪ ላይ በትክክል እንደሚገጥም ይፈለጋል። ቁጥሮቹ ከተገኙ የጠፋው ክፍል ከቀመሩ ይወጣል። መጀመሪያ በእጅ ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ለአውሮፕላን ሥራ የተሰናዳ ፓራሜትሪክ ሶፍትዌር ገባ። አንዱ ቁጥር ሲቀየር ጎረቤቱ መስኮት አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ልክ እንደ ክሩ። ጋውዲ መልኩን ብቻ ሳይሆን ዝምድናውን ጭምር ባይተው ኖሮ ይህ አይቻልም ነበር። የውስጡ ክፍል በኅዳር 2010 ተባረከ። በጥቅምት 2025 ደግሞ የመሃሉ ግንብ በጀርመን የሚገኘውን የኡልም ቤተ ክርስቲያን 161.53 ሜትር አለፈ። ሙሉ ቁመቱ 172.5 ሜትር ነው፤ የ7.5 ሃያ ሦስት እጥፍ። ከሞንጁይክ ኮረብታ ትንሽ ዝቅ እንዲል የፈለገው ራሱ ጋውዲ ነበር፤ የሰው ሥራ ከእግዚአብሔር ሥራ እንዳይበልጥ።

ቀመሩ የማይደርስበትም ቦታ አለ። የክብር በር የሚባለው ዋናው መግቢያ ላይ ጋውዲ የተወው ጥቂት ነው። በእቅዱ መሠረት በበሩ ፊት ትልቅ ደረጃ በማዮርካ መንገድ ላይ አልፎ እንዲሠራ ይፈለጋል፤ እዚያ ግን ሰዎች የሚኖሩባቸው አፓርታማዎች ቆመዋል። ነዋሪዎቹ ቤታችን አይፈርስም ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ገንቢዎች ጋር ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተዋል።